መጀመሪያ መበተን፣ ከዚያ ማሟሟት፦ ፖሊመር ሳይጓጉል እንዴት ይሟሟል?

ፖሊመር እንደ ጨው አይሟሟም። ፈሳሽ ሳሙና ለማወፈር ሲኤምሲ የተባለ ዱቄት ገዝቶ ውሃ ውስጥ የደፋ ሰው፣ ድሩን ለማጠንከር ፒቪኤ የተባለ ፖሊመር ያፈላ ሸማኔ፣ የተሰበረ የባጃጅ ፕላስቲክ በአሴቶን ሊጠግን የተነሣ ባለሙያ፣ ሁሉም የሚገጥማቸው ችግር አንድ ዓይነት ነው። ዱቄቱ ወይም ቁርጥራጩ በመሟሟት ፈንታ ላዩ ዝልግልግ፣ ውስጡ ደረቅ የሆነ እብጥ ይሠራል። ይህ እብጥ አንዴ ከተሠራ ማማሰል ቶሎ አይፈታውም። መከላከል ግን ይቻላል፤ ቅንጣቶቹን አስቀድሞ መበተን፣ ከተበተኑ በኋላ ብቻ እንዲሟሟ መፍቀድ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ቅጽበት እንዳይገናኙ ካደረጋችሁ የሚቀረው ትዕግሥት ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ሥራውን ያቀላል። ጨው ውሃ ሲነካው ከላዩ እየተላጠ ያልቃል። የፖሊመር አንዱ ሞለኪውል ግን በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ክፍሎች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቶቹም እርስ በርስ ተወሳስበዋል። አንዱ ብቻውን ተመዝዞ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ቀድመው የሚንቀሳቀሱት የአሟሚው ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። ወደ ፖሊመሩ ውስጥ ይገባሉ፣ ፖሊመሩ ያብጣል፣ ጄል ይሆናል፣ ሰንሰለቶቹ ሲላሉ ከጄሉ ዳር አንድ በአንድ እየተፈቱ ወደ ፈሳሹ ይወጣሉ።

ችግሩ ያ ጄል ራሱ አጥር መሆኑ ነው። ብዙ ቅንጣቶች ተጣብቀው ሲያብጡ በዙሪያቸው የሚሠራው ጄል ውሃ ወደ መሃሉ እንዳይደርስ ያግዳል። አሟሚው እስከ መሃል ለመግባት የሚፈጅበት ጊዜ ደግሞ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ወደ አራት እጥፍ፣ ውፍረቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። አንዲት ቅንጣት በሁለት ደቂቃ የምትጨርሰውን፣ አሥር ቅንጣት የወፈረ እብጥ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አጥሚት ሲሠራ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ነው የፈላው ውሃ ላይ የሚጨመረው፤ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርችም ፖሊመር ነውና ሕጉ ያው ነው።

የትኛው በምን ይሟሟል?

ፖሊመርና አሟሚ ጠባያቸው መቀራረብ አለበት። ውሃ የሚወዱ ክፍሎች በሰንሰለታቸው ላይ ያሏቸው ሲኤምሲ፣ ፒቪኤና ስታርች በውሃ ይሟሟሉ። እንደ ኤቢኤስና ፖሊስታይሪን ያሉት ፕላስቲኮች ውሃ አይነካቸውም፤ እንደ ኤቲል አሴቴትና ቶሉይን ያሉ አሟሚዎች ግን ይፈቷቸዋል።

ጠባይ መቀራረቡ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ፌስታልና የማዳበሪያ ከረጢት የሚሠሩባቸው ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ሰንሰለታቸው በክሪስታል መልክ ተደራጅቶ ስለሚቆለፍ በተራ ሙቀት በምንም አሟሚ አይፈቱም። ቧንቧ ሠራተኛ የፒቪሲ ቱቦን በማጣበቂያ፣ የፒፒአር ቱቦን ግን በሙቀት ማሽን የሚያያይዘው ለዚህ ነው። የፒቪሲው ማጣበቂያ የሁለቱን ቱቦዎች ገጽ አሟሙቶ ሰንሰለቶቻቸውን ያደባልቃል፤ ፒፒአር ግን ከፖሊፕሮፒሊን ወገን ስለሆነ ማጣበቂያው ላዩ ላይ ይደርቃል እንጂ አይገባበትም። የመኪና ጎማ ደግሞ ሰንሰለቶቹ በድኝ እርስ በርስ ስለታሰሩ በቤንዚን ቢዘፈዘፍ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ነገር ግን ዓመት ቢቆይ አይሟሟም። በእነዚህ ላይ ጊዜና አሟሚ አታባክኑ።

ሲኤምሲን በቀዝቃዛ ውሃ

ሲኤምሲ ከእንጨት ወይም ከጥጥ ሴሉሎስ የሚሠራ፣ ነጭ ወይም ወደ ክሬም የሚያደላ ዱቄት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል፤ ፈተናውም ይኸው ነው። ውሃ እንደነካው ማበጥ ስለሚጀምር ለመበተን ያላችሁ ጊዜ ሰከንዶች ብቻ ነው።

ለ20 ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ከ100 እስከ 200 ግራም፣ ማለትም ከ0.5 እስከ 1 በመቶ፣ በቂ ነው። ውሃውን በሰፊ ባልዲ አድርጉና መቀላቀያ በተገጠመለት ድሪል ወይም በጠንካራ ማማሰያ መሃሉ እስኪጎደጉድ አሽከርክሩት። ዱቄቱን በወንፊት አድርጋችሁ፣ በሚሽከረከረው ውሃ ትከሻ ላይ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በሚፈጅ ፍጥነት ነስንሱ። ውሃው መወፈር ሲጀምር መሃሉ መጎድጎዱን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ዱቄት ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይጓጉላል። ስለዚህ ጠቅላላው ዱቄት ውሃው ሳይወፍር ገብቶ ማለቅ አለበት። ቀስ ማለት ጥሩ ነው፣ በጣም መዘግየት ግን ያንኑ እብጥ ያመጣል።

ድሪል ከሌለ የተሻለው መንገድ ዱቄቱን ሲኤምሲን በማያሟሟ ፈሳሽ ማራስ ነው። 200 ግራም ሲኤምሲ ከ600 ግራም ግሊሰሪን ጋር ሊጥ እስኪመስል አዋህዱና ወዲያው ወደሚማሰለው ውሃ አፍስሱት። 96 በመቶ አልኮልም እንዲሁ ይሠራል፤ እሳት ግን በአካባቢው አይኑር። ግሊሰሪኑ ወይም አልኮሉ ቅንጣቶቹን ለያይቶ ይይዛቸዋል፣ ውሃው ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዱ ለብቻው ያብጣል። ግሊሰሪን ለሳሙናው እጅ ማለስለሻም ስለሚሆን ወጪው ከንቱ አይቀርም፤ በእጅ ለሚሠራ ሰው ይህኛውን መንገድ እንመርጣለን።

ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይደር። ማታ ደፍርሶ ትንንሽ ፍሬ የሚታይበት ፈሳሽ ጠዋት ጥርት ብሎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቸኩሎ ተጨማሪ ሲኤምሲ መጨመር ግን በማግሥቱ ከባልዲው የማይወርድ ጄል ያስታቅፋል።

ቅደም ተከተሉ ከመጠኑ እኩል ያስፈልጋል። ሲኤምሲ የሚያወፍረው በሰንሰለቱ ላይ ያሉት ኤሌክትሪክ ያዘሉ ክፍሎች እርስ በርስ እየተገፋፉ ሰንሰለቱን ስለሚዘረጉት ነው። ጨው ቀድሞ ከገባ ያንን መገፋፋት ያዳክመዋል፤ ሰንሰለቱ ይኮማተራል፣ ሲኤምሲውም በሚገባ አይከፈትም። ስለዚህ ሲኤምሲው በንጹሕ ውሃ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፣ ቀጥሎ ቴክሳፖኑ (የሳሙናው ዋና አጣቢ ጥሬ ዕቃ) አረፋ እንዳያነሣ በዝግታ ይቀላቀል፣ ጨው በመጨረሻ በውሃ ሟሙቶ በትንሽ በትንሹ ይግባ። ካልሲየም የበዛበት ጠንካራ የጉድጓድ ውሃም እንደ ጨው ይጎዳዋል፤ ሲቻል የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ። ላብሳ (አሲድ የሆነ የሳሙና ጥሬ ዕቃ) የምትጠቀሙ ከሆነ በሌላ ዕቃ አሲድነቱን በካስቲክ ሶዳ አጥፉለትና ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) 7 ወይም 8 መድረሱን በፒኤች መለኪያ ወረቀት አረጋግጡ (ካስቲኩ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በካስቲክ ላይ አይፈስስም)። አሲድነቱ ያልጠፋ ላብሳ ሲኤምሲን ከፈሳሹ አውጥቶ እንደ ብጥስጣሽ ያንሳፍፈዋል።

«ሲሸጥ ወፍራም ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት ውሃ ሆነ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከባክቴሪያ ነው። ሴሉሎስ የሚበሉ ተህዋስያን ሰንሰለቱን ይቆራርጡታል፣ የተቆረጠ ሰንሰለት ደግሞ አያወፍርም። ተጨማሪ ሲኤምሲ መፍትሔ አይሆንም። ውሃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ባልዲና ጀሪካኑን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ለሳሙና የሚሸጥ ማቆያ ገና ከመነሻው መጨመር ነው።

ከሲኤምሲ ጋር የሚምታታ ኤችፒኤምሲ የሚባል ሌላ ዱቄት አለ፤ ለጂፕሰም ማለስለሻና ለሴራሚክ ማጣበቂያም ይገባል። ጠባዩ ግን ይለያል፤ እንደ ሲኤምሲ በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል፣ በሙቅ ውሃ ግን አይሟሟም። ስለዚህ ከጠቅላላው ውሃ ሲሶውን ከ80 ዲግሪ በላይ አሙቁ፣ ዱቄቱን በዚያ ውስጥ በትኑት፣ ቅንጣቶቹ ሲርሱ ቀሪውን ቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉ። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። የገዛችሁት የትኛው መሆኑን ሳታውቁ ባልዲ ሙሉ አትሥሩ፤ አንድ ማንኪያ በፈላ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ በቀዝቃዛ ውሃ ሞክሩት።

ፒቪኤና የደሴ ከፍታ

ፒቪኤ (ፖሊቪኒል አልኮል) ለክር ማጠንከሪያ፣ ለወረቀትና ለካርቶን ማጣበቂያ ይውላል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ድሩ በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ በስታርች፣ በፒቪኤ ወይም በሲኤምሲ ይቀቡታል፤ ኮምቦልቻ አካባቢ በእጅ የሚሸምንም በዚሁ ዘዴ መጠቀም ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ከረጢቱ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ተመልከቱ። 1788 ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሰንሰለቱ ወደ 1,700 ክፍሎች እንዳሉት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ከእነዚያ 88 በመቶው ከአሴቴት ወደ አልኮል መለወጣቸውን ይናገራሉ። 1799 ከሆነ 99 በመቶው ተለውጧል ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ1799 ሰንሰለቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ተጠጋግተው በሃይድሮጂን ትስስር ጠንካራ ክሪስታል ይሠራሉ፤ እሱን ለመፍታት ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል። በ1788 የቀሩት 12 በመቶ አሴቴት ክፍሎች ያንን አሰላለፍ ያደፈርሱታል፣ ስለዚህ ውሃ በቀላሉ ይገባል፤ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ይበቃዋል።

ከፍታው ጣጣ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነች 94 ይደርሳል። ቴርሞሜትራችሁ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 92 ላይ ቢቆም ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ነገር ግን 1799ን በሌላ የፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ተቀምጦ በሚሞቅ ዕቃ ለማሟሟት ከሞከራችሁ የውስጠኛው ዕቃ 88 እንኳ ላይደርስ ይችላል። የውጭ አገር መመሪያ «በ95 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ» ሲል በተጻፈበት ቦታ ልክ ነው፤ ደሴ ላይ ክፍት ድስት ወደዚያ ሙቀት በፍጹም አይደርስም። ሥራው የማይሳካው ዱቄቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም።

ሦስት መውጫ አለ። የመጀመሪያውና የተሻለው 1788 መግዛት ነው። ሁለተኛው በውጭኛው ድስት ውሃ ላይ ጨው መጨመር ነው፤ ለ5 ሊትር 1.5 ኪሎ ጨው የመፍያውን ሙቀት ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ የውጭው ድስት 97 አካባቢ ይፈላል። ጨው አሉሚኒየምን ስለሚበላ ለዚህ የብረት ወይም የማይዝግ ድስት ይሁን፤ ጨዋማው ውሃም ወደ ፒቪኤው እንዳይፈናጠር ተጠንቀቁ። ሦስተኛው ወፍራም ታች ባለው ድስት በቀጥታ ለስላሳ እሳት ላይ፣ ማማሰሉ ሳይቋረጥ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ማቆየት ነው። ማማሰሉ ከቆመ ታቹ ያርና ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል።

የ1788 አሠራር ይህ ነው። ለ10 ኪሎ 5 በመቶ ፈሳሽ፦ 9.5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃና 500 ግራም ፒቪኤ። ውሃው ከ25 ዲግሪ በታች መሆን አለበት፤ የደሴ የቧንቧ ውሃ ለዚህ የተመቸ ነው። በሚማሰለው ውሃ ላይ ዱቄቱን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነስንሱ፣ ሳታሞቁ 15 ደቂቃ አማስሉ። በዚህ ጊዜ ውሃው ወተት ይመስላል፣ ቅንጣቶቹ ተለያይተው ያብጣሉ። ከዚያ ብቻ እሳት ይለኮስ። ወደ 85 ዲግሪ ለመድረስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ስጡት፣ 85 ላይ ሌላ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። ከጅምሩ ሙቅ ውሃ ላይ የተነሰነሰ 1788 በሰከንዶች ውስጥ ላስቲክ የሚመስል ኳስ ይሆናል፤ እሱን ከማፍላት አውጥቶ እንደ አዲስ መጀመር ይቀላል።

ክዳን ግጠሙ። ካልሆነ ውሃው ይተንናል፣ ላዩም ቆዳ ያወጣል፤ ያ ቆዳ ተመልሶ አይሟሟም። ድስቱን ከነፈሳሹ ከመጀመራችሁ በፊት መዝኑት፣ ሲያልቅ የጎደለውን በሙቅ ውሃ ሙሉ። መጠኑ በትንሹ ቢዛባ ውፍረቱ እጅግ ይለወጣል፤ ከ4 በመቶ ወደ 8 በመቶ መሄድ ፈሳሹን ሁለት እጥፍ ሳይሆን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ያወፍረዋል።

መሟሟቱን ለማወቅ አንድ ጠብታ በመስታወት ላይ ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን አንሡት። የዓሣ ዓይን የሚመስል ጥርት ያለ ነጥብ ከታየ መሃሉ ገና ነው፤ ማሞቁን ቀጥሉ። ምንም ካልታየ በቀጭን ናይለን ጨርቅ አጥልሉትና አቀዝቅዙ። ለድር ከ3 በመቶ ጀምራችሁ በጥቂት ክር ሞክሩ። ክሩ ሲደርቅ ከተሰባበረ በዝቷል፤ በእጅ ሲታሽ ጭረቱ ከተነሣ አንሷል። 1788 የተቀባ ጨርቅ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ 1799 ግን በተለይ በጋለ ሙቀት ከደረቀ አጥብቆ ይይዛል፣ ለማስለቀቅም የፈላ ውሃ ይፈልጋል።

ፒቪኤን ከቦራክስ ጋር አታገናኙ፤ ቦራክስ ሰንሰለቶቹን ያስርና ፈሳሹን ወደሚሳብ ጄል ይለውጠዋል። ብዙ የዱቄት ሳሙናዎች ሶዲየም ሰልፌት ስላላቸውም ያልታጠበ የሳሙና ባልዲ ፒቪኤውን እንደ አይብ ሊያቆርጠው ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድ ሌሊት ያደረ 1799 ረግቶ ቢገኝ ግን አልተበላሸም፤ መልሳችሁ አሙቁት።

ኤቢኤስን በአሴቶን

ይህ ክፍል ስለ እሳት ነው መጀመሪያ። የአሴቶን ትነት ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ እንኳ ይቀጣጠላል፣ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ሜትሮች ርቆ ያለ ከሰል ወይም ምድጃ ያገኛል። በባሕር ጠለል 56 ዲግሪ ላይ የሚፈላው አሴቶን ደሴ ላይ 48 አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ፈጥኖ ይተንናል። ቡና እየተፈላ ባለበት ቤት፣ ሲጋራ አጠገብ፣ በተዘጋ ክፍል አይሠራም። አሴቶንን በምንም ዓይነት እሳት ላይ አታሙቁ፣ ለመሟሟት ሙቀት አያስፈልገውም።

የተሰበረውን ክፍል ጀርባ እዩ። ኤቢኤስ የሚል ምልክት ካለው ይሠራል፤ ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን) ካለው ከላይ በተባለው ምክንያት አይሆንም። ከማይፈለግ የኤቢኤስ ቁራጭ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር እያደረጋችሁ 20 ግራም ቁረጡ፣ በመስታወት ማሰሮ 80 ሚሊ ሊትር አሴቶን ላይ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ተዉት፣ አልፎ አልፎ ነቅንቁት። የሃይላንድ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ አሴቶን ያነጣውና ያሰነጥቀዋል። የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት አይልም፤ ኤቢኤስ ውስጥ የታሰሩ የጎማ ቅንጣቶች ስላሉ እነሱ ሳይሟሟ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ደፍራሳነቱ ጉድለት አይደለም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ብዙ ጊዜ ውሃና ዘይት ስላለው ፕላስቲኩን አለስልሶ ይተወዋል።

ስብራቱን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ጠርዞቹን በንጹሕ አሴቶን አርጥባችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ፈሳሹን ቀብታችሁ ግጠሙ። ከውስጥ በኩል በስስ በስሱ ደራርቡ፣ በየንብርብሩ መሃል አንድ ሰዓት ይለፍ። በአንዴ ወፍራም የተቀባ እንደሆነ ላዩ ቆዳ ይሠራና ከታች የቀረው አሴቶን አረፋ ሆኖ ያብጣል። ሙሉ ጥንካሬው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ወቅት አሴቶኑ ሲተንን ገጹን ያቀዘቅዝና ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ቅቡ ነጭ አመድማ ይሆናል፣ ይሰባበራልም። እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ ባባራ ሰዓት ሥሩ።

የተረፈውን ወደ ፍሳሽ ወይም ወደ ቦርከና ወንዝ አታፍስሱ። ውሃ ሲነካው ፕላስቲኩ ወዲያው ጠጣር ሆኖ ይወጣና ቱቦ ይደፍናል። ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁትና የደረቀውን ለሌላ ጊዜ አስቀምጡ፤ በአሴቶን ድጋሚ ይሟሟል። የፒቪኤና የሲኤምሲ ድስት ግን ሳይደርቅ በለብ ያለ ውሃ ይታጠብ፤ ከደረቀ በኋላ ሌሊቱን መዘፍዘፍ አለበት።